ተማሪ ስናበላ ኖረን ተማሪ ስንሆን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ደብረ ወርቅ)



  ንግግሩን የጻፍነው አራታችን ተቀምጠን ነው፤ የምታነበው አንዷ ብትሆንም ቃሉ የሁላችን ነው።

ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። ባለፈው ጉባኤ ገንዘብ ያዣችን ተነሥተው ጠይቀዋል። «እነዚህ ልጆች ከማኅበሩ ተበድረው መንፈሳዊ ኮሌጅ በርቀት ይማራሉ። እሰየው። ግን ሲመረቁ ምን ሥራ ይይዛሉ? ብድሩስ በምን ይመለሳል?» የጠየቁት በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። የማኅበሩ ገንዘብ ከጠላ፣ ከእንጀራ፣ ከፈትልና ከበግ የተጠራቀመ ነው፤ የት ገባ ብሎ መጠየቅ የገንዘብ ያዥ ሥራ ነው። ዛሬ መልሱን ይዘን መጥተናል።

አጭሩን እናስቀድም። ዲግሪው ሥራ ላያስይዘን ይችላል። የምንማረው ነገረ መለኮትን ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ጠቅላላ ትምህርት አለ፤ ታሪክ፣ ሥነ አመክንዮ፣ ግዕዝ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ልቡና፣ ትንሽም ሒሳብ። ይህ ነርስ አያደርገንም፤ የሒሳብ ሠራተኛም አያደርገንም። ወረቀቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለውድድር ይቆጠርልናል ብለን ቃል አንገባላችሁም። እንግዲህ ብድሩን የሚመልሰው ዲግሪው አይደለም፤ የሚመልሱት በጎቹና ምጣዱ ናቸው። ሁለታችን በግ እናደልባለን፣ አንዳችን እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታቀርባለች፣ አንዳችን ትንሽ ሱቅ አላት። የወር ክፍያችን እስካሁን አልተቋረጠም፤ መዝገቡ ጸሐፊዋ ዘንድ ስላለ ማየት ይቻላል።

ይህን ስንል «እንግዲያው ለምን ትለፋላችሁ?» የምትሉን ትኖራላችሁ። ረዘም ያለው መልስ ለዚህ ነው።

ደብረ ወርቅ ተወልዳ ላደገች ሴት ትምህርት ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ጠዋት በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የልጅ ድምፅ ሳይሰማ ያደገ ቤት በዚህ አገር የለም። ልጁ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻውን በበትሩ እየተከላከለ ይቆማል። እናት ከመሶቡ ቆርሳ ትሰጣለች፤ እንጀራው ባይኖር ቆሎ፣ ቆሎው ባይኖር «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። የቆሎ ተማሪ የተባለውም ከዚሁ ነው። ልጁ ከሰሜን ይምጣ ከደቡብ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የምትጠይቅ እናት ጥቂት ናት።

ነገሩን በሒሳብ እንየው፤ ሒሳብ እየተማርን አይደል። አንዲት እናት በሳምንት ሁለት እንጀራ ብቻ ለተማሪ ብትሰጥ በዓመት 104 እንጀራ ነው። በሃያ ዓመት ከ2000 በላይ። ይህ የአንዲት እናት ነው። ቅኔ ቤቱ፣ ዜማ ቤቱ፣ መጻሕፍት ቤቱ ክፍያ የማይጠየቅበት ትምህርት ቤት ነው ይባላል። ክፍያ ግን ነበረው፤ ስትከፍል የኖረችው ባለ መሶቧ ናት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የአብነት ትምህርት ቤቶች አንዱ የእኛው ደብረ ወርቅ ነው፤ ደብረ ኤልያስም ዲማም ተምረዋል። በዚያ ዘመን እዚህ ደብር ፊደል የቆጠሩትን ልጆች ሁሉ ያበላች የደብረ ወርቅ ሴት ናት። ስሟን የጻፈ የለም፤ እሷም ይጻፍልኝ አላለችም።

ያ ያበላነው ተማሪ ምን ይማር ነበር? ከፊደልና ከንባብ ጀምሮ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ዜማ ቤት ገብቶ ጾመ ድጓና ድጓ ይማራል። ቅኔ ቤት ሲገባ የግዕዝን ሰዋስው፣ ግሡን፣ ምሥጢሩን ይማራል፤ በቃሉ ይዘርፋል፣ መምህሩ ፊት ይነቀፋል፣ ያርማል። መጻሕፍት ቤት ደግሞ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱን፣ መነኮሳቱን ያሄዳል። ባሕረ ሐሳብ ተምሮ በዓላቱና አጽዋማቱ መቼ እንደሚውሉ ይቆጥራል፤ ፍትሐ ነገሥት ተምሮ ሕግ ያውቃል። አራቱን ጉባኤያት የፈጸመውን «አራት ዓይና» እንለዋለን። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ቋንቋ፣ ዜማ፣ ታሪክ፣ ሕግ፣ የቀን ቆጠራ ሒሳብ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ። ዛሬ ኮሌጆች ጠቅላላ ትምህርት የሚሉት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆኑ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ፣ መሐንዲስ ሊሆን የገባውም ጭምር፣ ሥነ አመክንዮ፣ ሥነ ልቡና፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊና የመሳሰለውን በጋራ እንዲማር ተደርጓል።

ለአራት ዓይናው «ምን ሥራ ይዘህበት?» ብሎ የጠየቀ የለም ማለታችን አይደለም። ድርጎ ነበረ፣ መሬት ነበረ፣ ማዕረግ ነበረ። ነገር ግን እናቶቻችን ቁራሹን ሲሰጡ ልጁ ነገ ምን ደመወዝ እንደሚያገኝ አስልተው አልነበረም። ሰው ይሁን ብለው ነው የሰጡት። ለእኛ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይቀድማል። ይህን ስንል እየወቀስናችሁ አይደለም፤ እኛም ብንሆን ስንመዘገብ መጀመሪያ ራሳችንን የጠየቅነው ይህንኑ ነበር።

ሴት ልጅ ለምን ቅኔ ቤት አልገባችም? ትምህርቱ አይገባትም ብሎ የከለከላት ቀኖና ያለ የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን ዋናው እንቅፋት መንገዱ ይመስለናል። የአብነት ተማሪ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይማርም፤ ለዜማው አንድ አገር፣ ለቅኔው ሌላ አገር፣ ለመጻሕፍቱ ደግሞ ሌላ አገር ይሄዳል። ከቤተሰቡ ጠፍቶ ይሄዳል፣ በጎጆ ያድራል፣ በየደጁ ይለምናል። ሴት ልጁን በዚህ መንገድ የሚለቅ ወላጅ ማን ነው? ዛሬም ቢሆን ከቢቸና ወዲያ ማዶ ስትሄድ እንኳ ስንት ጊዜ ነው ስልክ የሚደወልላት!

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው የተማሩት ሴቶች ናቸው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የማታውቁ ካላችሁ እወቋቸው፤ የጎጃም ሴት ናቸው። በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ፣ ነገር ግን በቅኔ መምህርነታቸው ሊቃውንቱ የመሰከሩላቸው፣ ጽላሎ ላይ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶች ተማሪዎችን ቅኔ ያስተማሩ። እንዴት ተማሩ? አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ጉባኤው ደጃቸው ላይ ነበር። ልመና መውጣት፣ አገር መዞር ሳያስፈልጋቸው የአባታቸውን ተማሪዎች እየሰሙ፣ ከአባታቸው እየተማሩ አደጉ፤ ኋላም ወንበሩን ተተኩ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው መርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ እሌኒም በግዕዝ ድርሰት ስማቸው የሚነሣ ሴት ናቸው፤ ለእሳቸው ደግሞ መምህሩ ያለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። በልብ ወለዱም ቢሆን «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል የተማረችው በዛብህ ሊያስተምራት ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ስለመጣ ነው። የሊቅ ልጅ፣ እቴጌ፣ የባላባት ልጅ። ሦስቱንም ያስተማራቸው ትምህርቱ ቤታቸው ድረስ መምጣቱ ነው። የደሀ ልጅ ቤት ድረስ መምህር አይመጣም ነበር።

አሁን ግን ይመጣል። በሞጁልና በስልክ ይመጣል። የርቀት ትምህርት ማለት ለእኛ ይኸው ነው፤ መምህሩ በደጃችን አለፈ፣ እኛም ግባ አልነው።

በውጭ አገርም ነገሩ ተመሳሳይ እንደነበር ስናነብ አግኝተናል። አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮ በሚባል ግዛት ኦበርሊን የሚባል ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1833 ሃይማኖተኛ ሰዎች ጫካ መንጥረው ያቋቋሙት ትንሽ የክርስቲያን ኮሌጅ ነበር። በ1837 አራት ሴቶችን ከወንዶች እኩል ለዲግሪ ተቀበለ፤ በ1841 ሦስቱ ተመረቁ። በአገሩ ከወንዶች ጋር ተምረው እንዲህ ያለ ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች እነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ሴቶቹ ተማሪዎች የወንዶቹን ተማሪዎች ልብስ ያጥቡ፣ ክፍላቸውን ያጸዱ፣ ማዕድ ያቀርቡላቸው ነበር። ይህን ስናነብ አራታችንም ሳቅን፤ ሩቅ አገር ሄደን የራሳችንን ጓዳ አገኘነው። ከዚያው ኮሌጅ በ1847 የተመረቀች ሉሲ ስቶን የምትባል ሴት አለች። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሴት የሚለው በትክክል ተተርጉሞ እንደሆነ ራሴ አያለሁ ብላ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ተማረች። በምረቃው ቀን የሚነበብ ጽሑፍ እንድታዘጋጅ ስትመረጥ፣ የሚያነበው ወንድ መሆኑ ሲነገራት ካላነበብኩት አልጽፍም ብላ ተወችው። እኛ እንኳ ዛሬ እናንተ ፊት ራሳችን እያነበብን ነው።

በአገራችንም መንፈሳዊ ኮሌጆቹ ብዙ ውጣ ውረድ አይተዋል። አዲስ አበባ ያለው፣ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ይባል የነበረው ተቋም በንጉሡ ዘመን ተቋቁሞ፣ በደርግ ጊዜ ተዘግቶ፣ ከደርግ በኋላ እንደገና ተከፍቷል። ዛሬ ከተመራቂዎቹ መካከል ሴቶችም አሉ። እኛ የምንማርበት ከዚያ ያነሰ፣ ስሙም ብዙ የማይታወቅ ኮሌጅ ነው።

አጠናናችን እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ ይኸውላችሁ። የምንገናኘው በወሩ በ12ና በ21 ነው። በሚካኤልና በማርያም ቀን ሥራ አይሠራም፤ ወፍጮ አይፈጭም፣ ጥጥ አይፈተልም። ማንበብን ግን የከለከለ የለም። ቡናው ይፈላል፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ፣ እኛ ሞጁላችንን እንዘረጋለን። መብራት ከጠፋ በጧፍ ነው። ሞጁሉ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ፈተናው ከደረሰ በኋላ ይመጣል፤ መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ጨርሶ አልመጣም፤ ያን ጊዜ የቀደመውን ሞጁል እንደገና አነበብነው። ግዕዙ ላይ የመሪጌታ ልጅ የሆነችው ጓደኛችን ትቀድመናለች። እንግሊዝኛው ሁላችንንም እኩል ያስለቅሰናል።

ምን ጠቀማችሁ ብትሉን የምታስታውሱትን አንድ ነገር እናንሣ። በአንድ መንፈቅ ሥነ አመክንዮና ብሉይ ኪዳን አብረው ደረሱን። በብሉዩ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ን አጠናን፤ ወንድ የወለደች እናት 7 ቀንና 33 ቀን፣ ሴት የወለደች 14 ቀንና 66 ቀን የሚለው ነው። የ40 እና የ80 ቀን ክርስትናችን ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ታውቃላችሁ። በሥነ አመክንዮው ደግሞ አንድ ደንብ ሲወጣ ያልታሰበ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ተከትሎ ማየትን ተማርን። መልመጃው ራሳችሁ የምታውቁትን ደንብ ወስዳችሁ መርምሩ ይላል። ሌላ ደንብ ስላልነበረን የማኅበራችንን ወሰድን።

ደንባችን ምን ይል ነበር? በተከታታይ ሁለት ወርኃዊ ስብሰባ የቀረች አባል የብድር ተራዋን ታጣለች። የምንሰበሰበው የት ነው? በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ በሰንበቴው አዳራሽ። አራስ ደግሞ ክርስትና እስክታስነሣ ወደዚያ አትመጣም። ወንድ የወለደች ብዙውን ጊዜ የሚያልፋት አንድ ስብሰባ ነው፤ ዕድሏ ካልከፋ ተራዋን አታጣም። ሴት የወለደች ግን ሁለት ስብሰባ፣ አንዳንዴም ሦስት ያልፋታል፤ ተራዋን ታጣለች። ሴት ልጅ ስለወለደች በሴቶች ማኅበር ተራዋ ይሰረዛል ማለት ነው! ደንቡን የጻፉት እናቶች ይህን አስበው አይደለም፤ እንዲያውም ደንቡ ሲነበብ ስንት ዓመት ሁላችንም ስንሰማው ኖረናል። ተራቸውን ያጡት እናቶችም «የእኔ ዕድል ነው» ብለው ዝም ብለዋል። መዝገቡን ወደ ኋላ ስንገልጥ እንደዚያ ሆኖ አገኘነው። ለኮሚቴው አመለከትን፤ ኮሚቴው ለጉባኤው አቀረበ፤ እናንተም እጃችሁን አውጥታችሁ አራስ ለሆነች አባል የቀረችበት እንዳይቆጠር አስተካከላችሁ። የትኛው ደመወዝ ነው ይህን የሚያክል? ለዚህ ትምህርት መበደራችን አይቆጨንም።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውን እንናገር፤ እኛን አይተው ልጆቻቸውን የትም ለማስመዝገብ የሚቸኩሉ እናቶች ስላሉ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመትም ከዚህ ብዙ አይሻልም ነበር። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ቤት ቀሩ፤ የእኛም ሴት ልጆች ከነሱ ውስጥ አሉ። ቤት የቀረች ልጅ ባለችበት ቤት ማስታወቂያ ይደርሳል፤ «ዲግሪ በአጭር ጊዜ» የሚል። የአንዳችን የእኅት ልጅ በዚህ ዓይነት ቦታ ሁለት ዓመት ከፍላ ተምራ ወረቀቷን የሚቀበላት መሥሪያ ቤት አጥታለች። ስለዚህ ሥራ ፈልጋችሁ የምታስተምሩ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ዘርፍና ለዚያ ቅርንጫፍ ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጠየቅ። የመውጫ ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኮርሱን መጨረስ ብቻውን አያስመርቅም። መንፈሳዊ ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ለምን እንደሚያገለግል፣ ለምን እንደማያገለግል በግልጽ ጠይቃችሁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኛ ጠይቀን፣ አውቀን ነው የገባነው። ነርስ መሆን ለምትፈልግ ልጅ የእኛ ኮሌጅ ቦታዋ አይደለም።

ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። የጤናና የሐዘን ብድር ምንጊዜም ይቅደም፤ ለትምህርት የሚሰጠው ከእሱ በተረፈው ብቻ ይሁን። ለትምህርት የምትበደር አባል የራሷ ገቢ ያላት ትሁን፤ ከምርቃት በኋላ እከፍላለሁ የምትል አይሰጣት። ወለዱም እንደማንኛውም ብድር ይሁን፤ ትምህርት ነው ተብሎ ቅናሽ አንጠይቅም። በፈተና ቀን የተማሪዋን ሕፃን የሚይዝላት ሰው ግን ማኅበሩ ይመድብላት። ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸገረን ይህ ነበር፤ ከእኛ አንዷ ጡት የሚጠባ ልጅ አቅፋ ነው የተፈተነችው።

እኛ በበኩላችን ከመጪው ወር ጀምሮ በ21 ከሰዓት በኋላ፣ ማንበብ ለሚፈልጉ እናቶች ፊደል እናስቆጥራለን። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስት ስም ከባሏ ጋር እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ ስማቸው ያለበትን ደብተር ሳጥን ውስጥ ቆልፈው የሚያስቀምጡ፣ ግን አንብበውት የማያውቁ እናቶች አሉን። ከሀ ሁ በኋላ የምናነበው መጀመሪያ እሱን ነው፤ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ። ቦታው የእንጀራ ጋጋሪዋ ቤት ነው። ምጣዱ በዚያ ቀን አይጣድም።

ለሚመጣው ዓመት መመዝገብ የምትፈልጉ ስማችሁን እስከ ሰኔ መጨረሻ ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን ዋናውንና ኮፒውን ያዙ።